የሦስት በዓል ሳቅ

በቤተሰብ ሰላም ጽሕፈት ቤት፣ በአንድ መዝገብ ውስጥ፣ ሁለት ወረቀቶች ጎን ለጎን ተያይዘው ተቀምጠዋል። ሁለቱም በእጅ የተጻፉ ናቸው። ሰው ስለ ራሱ ትዳር የሚለውን በራሱ እጅ እንዲጽፍ ደንቡ ያዛል።

የባልየው ወረቀት እንዲህ ይላል፦ «የእንቁጣጣሽ ዋዜማ ነበር። ቤቱ ቄጤማ ተጎዝጉዞበታል፤ ቄጤማው እርጥብ ነበር። ባለቤቴ ድስት ይዛ ከማድ ቤት ስትወጣ አዳለጣት። ልይዛት ሮጥኩ፤ አልደረስኩም። የቀኝ እጇ አንጓ ተሰበረ። ከዚያ ወዲህ በመካከላችን ቅሬታ አለ።»

የሚስትየዋ ወረቀት ደግሞ እንዲህ ይላል፦ «ጥቅምት 17 ቀን 2080 ዓ.ም. ነበር፤ ማክሰኞ። በዓል አልነበረም። ቤት ውስጥ ቄጤማ አልነበረም። ለሥራ ፈተና ልሄድ የበሩን እጀታ እንደያዝኩ ባለቤቴ እጄን ጠምዝዞ ከእጀታው ነጠለኝ። ሲሰበር ድምፁን ሁለታችንም ሰማነው። ፈተናውን አልተፈተንኩም።»

ከባልየው ወረቀት ጠርዝ ላይ አንድ የጽሕፈት ቤቱ ሰው በቀይ እስክሪብቶ፣ «ይኼኛው ለፊልም ይመቻል» ብሎ ጽፎበታል።

ሚስትየዋ ሶልያና ይህን ማስታወሻ ያየችው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ የምትፈርምበትን ቦታ ሲያሳዩዋት። ጸሐፊዋ ማየቷን አየችና ወረቀቱን ገልበጥ አድርጋ፣ «ምንም ማለት አይደለም እትዬ፤ ለባለሙያዎቹ ነው» አለቻት።

ያ ባለፈው ነሐሴ ነበር። ዛሬ ፋሲካ ነው፣ የ2088 ዓ.ም. ፋሲካ። የሦስተኛው ፊልም ሰዓት ከቀኑ ዘጠኝ ነው።

ኮምቦልቻ ላይ በዓል ሲሆን እነሶልያና የሚኖሩበት ሕንጻ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ይስቃል። እያንዳንዱ ቤት ግድግዳውን ከፍቶ የራሱን ፊልም ያያል፤ በራሱ ፊልም ይስቃል። ከላይ አሥረኛ ፎቅ ያሉት አዲስ ተጋቢዎች እግራቸውን መሬት ላይ እየመቱ ይስቃሉ። በጎን በኩል ያሉት ጡረተኛ የባቡር ሠራተኛ፣ ከአምስት ዓመት በፊት ከሞቱት ሚስታቸው ጋር በወጣትነታቸው ዝናብ ውስጥ ሲሯሯጡ እያዩ ብቻቸውን ይንከተከታሉ። ደረጃ ላይ የተገናኙ ጎረቤቶች ጉንጭ ለጉንጭ ከተሳሳሙ በኋላ፣ «ፊልማችሁ ደረሰ?» ይባባላሉ።

«ደረሰ፤ ዘንድሮ ዝናቡን አበዙት እንጂ።»

«የእኛን ባቡር ጣቢያ ወስደውታል። ሰውዬዬ ሲሮጥ ብታዪው! በዚያ ቦርጩ!»

ፊልሞቹ ሁሉ የአንድ እናት ልጆች ናቸው። ሁለት ሰዎች በታክሲ ሰልፍ ወይም በር ላይ ይጋጫሉ፤ የአንዷ እጅ ላይ የነበረ ነገር ይደፋል። መጀመሪያ ይናናቃሉ። አንድ ሀብታም እጮኛ አለ፣ አንድ ቀልደኛ ጓደኛ አለ። መጨረሻ ላይ አንድ ሰው ይሮጣል። ማንም አይሞትም። ማንም ማንንም አይበድልም፤ ይሳሳታል እንጂ። ፊቱ ግን የቤቱ ሰው ፊት ነው፣ ድምፁም ድምፁ፤ ስለዚህ ማንም አይሰለቸውም።

ክስ ያለባቸው ቤቶች የሚለዩት በሁለት ነገር ነው። ፊልማቸው ከሰዓት በኋላ ይከፈታል፤ አብሯቸው የሚያይ ታዛቢ ይላክላቸዋል። ባልና ሚስት ለመታረቅም ሆነ ለመፋታት ሦስት በዓል አብረው ማየት አለባቸው፤ እንቁጣጣሽን፣ ገናን፣ ፋሲካን። ከሦስተኛው በኋላ ታዛቢው ለየብቻ፣ በሰው ፊት፣ አንድ ጥያቄ ይጠይቃቸዋል፦ «ፊልሙ የእናንተ ነው?» ሁለቱም «የእኛ ነው» ካሉ ታርቀዋል፤ ሁለቱ ወረቀቶች ከመዝገቡ ወጥተው ይወገዳሉ፣ በቦታቸው ፊልሙ ይገባል። አንዱ «የእኔ አይደለም» ካለ ትዳሩ በዚያው ዕለት ይፈርሳል፤ ወረቀቶቹ ባሉበት ይቆያሉ። ልጅ ካለ አሥራ ስምንት ዓመት እስኪሞላው ድረስ «የእኛ ነው» ካለው ወገን ጋር ይኖራል። የደንቡ ቃል አጭር ነው፤ «ልጅ ከፊልሙ አይለይም» ይላል።

የሶልያና ልጅ ሄራን አሥራ አራት ዓመቷ ነው።

ሶልያና እጇ ከተሰበረ በኋላ ሰባት ዓመት ዝም ብላ ኖራለች። ባሏ ኢዮስያስ ያን ሰሞን ማድ ቤት ውስጥ ተንበርክኮ፣ «ይኼ እጄ በተቆረጠ» ብሏታል። ከዚያ ቀን ወዲህ እጁን አንስቶባት አያውቅም። በግራ እጇ ድስት ስታነሳ ባየ ቁጥር ዓይኑን ይሰብር ነበር። በዚያ ዓይን መስበር ኖረች ማለት ይቻላል፤ ነገሩን የሚያውቅ ሌላ ሰው ቤት ውስጥ እንዳለ ይነግራት ነበርና።

አምና እናቷ ሊያርፉ ሲሉ የጎበጠውን አንጓዋን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ «እስቲ እውነቱን ንገሪኝ፤ ይኼ እንዴት ሆነ?» አሏት። አልጋው ዙሪያ ሰው ነበር። ኢዮስያስም ነበር። «ወድቄ ነው እማዬ» አለች። እናቷ በማግስቱ ሞቱ። ሶልያና ከአርባው በኋላ ወደ አጎቷ ወደ ጋሼ ናሆም ሄዳ አንድ ነገር ብቻ እንደምትፈልግ ነገረቻቸው። መፋታት አልነበረም የፈለገችው፤ ባሏ ያደረገውን በሰው ፊት እንዲናገር ነው።

ጋሼ ናሆም የድሮውን አሠራር ከሚያውቁት ጥቂት ሽማግሌዎች አንዱ ናቸው። «በዳይ ድንጋይ ተሸክሞ ይመጣል። ከደጅ ይቆማል። ምን እንዳደረገ በአፉ ይናገራል። ከዚያ በኋላ ነው ድንጋዩን አውርድ የሚባለው» አሉ። ኢዮስያስ እሺ አለ። እውነትም እሺ አለ፤ ከወንዙ ዳር ድንጋይ መርጦ ይዞ መጥቶ ነበር። ግን ያለ ፊልም የሚደረግ እርቅ እንዳይጸና ከታወጀ ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ ጋሼ ናሆም ራሳቸው፣ «ኋላ ሕገወጥ እንዳንባል በጽሕፈት ቤቱ በኩል ይለፍ» አሉና ላኳቸው። እዚያ ደግሞ ጸሐፊዋ ኢዮስያስን፣ «ቀለል አድርገው ይጻፉት፤ የበዓል ፊልም እኮ ነው» አለችው። ሲወጡ ደረጃው ላይ የሶልያናን ክንድ ነካ አድርጎ፣ «ለፎርሙ ብዬ ነው። ሽማግሌዎቹ ፊት እንደ ሆነው አወራዋለሁ» አላት። አመነችው። ያን ጊዜ የሚታመን ሰው ነበር።

ስህተቱን የሠራችው በእንቁጣጣሹ ፊልም ነው። ፊልሙ የሁለቱን መተዋወቅ፣ የታክሲ ሰልፍ፣ የተደፋ ጭማቂ እያሳየ ሄደና አጋማሹ ላይ ወጣቷ ሶልያና ቀይ ድስት ይዛ ከማድ ቤት ወጣች፤ ቄጤማው ላይ አዳለጣት፤ ኢዮስያስ በአየር ላይ እንደሚበር በረኛ ተወረወረ፤ ድስቱን ያዘ፤ እሷን ሳታት። ዘጠኝ ሰከንድ ነበር። ሳሎኑ ሙሉ እንግዳ በአንድ ጊዜ ፈነዳ። የኢዮስያስ አክስት እትዬ ቤዛ እንባቸውን እየጠረጉ፣ «ድስቱን! ድስቱን መረጠ!» ይላሉ። ሶልያና ዙሪያዋን ብታይ የሁሉም ፊት እሷ ላይ ነው። በዓል ነው፤ ሰው ቤቷ መጥቷል፤ የቤቱ እመቤት ፊቷን ብታጠቁር እንግዳ ምን ይላል? ሳቀች። ለእንግዳ ነው የሳቀችው።

ግድግዳው የማንንም ሳቅ እንደሚወስድ፣ ለማን እንደተሳቀ ግን እንደማይጠይቅ በኋላ ገባት። በገናው ፊልም ዘጠኙ ሰከንድ አራት ደቂቃ ሆኖ መጣ። በጽሑፍ አቤቱታ አቀረበች፤ የክሊኒክ ካርዷን አያያዘች። መልሱ በሦስተኛው ቀን ደረሳት፦ «ካርዱ ላይ የሰፈረው ቃል 'ወድቃ' የሚል ነው። የካርዱ ቀን ለፊልሙ አስፈላጊ ሆኖ አልተገኘም። ባለጉዳይዋ በክፍሉ መደሰታቸው ተመዝግቧል።» «ወድቃ» የሚለውንም ለነርሷ የነገረቻት ራሷ ነበረች፤ ባሏ አጠገቧ ቆሞ።

ዛሬ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ ሄራን የቄጤማውን ጥቅል ሳሎን ውስጥ እየፈታች ታነጥፋለች። ከሕንጻው ጣሪያ ላይ የሚበቅል ነው፤ ለየቤቱ በቁጥር ይታደላል።

«እማ፣ ተጠንቀቂ እሺ! ደግሞ እንዳያዳልጥሽ» አለች እየሳቀች።

ሶልያና ብርጭቆዎቹን ማድረቋን ተወችና ልጇ አጠገብ መጥታ ተቀመጠች።

«ሄሩ፣ ያን ቀን እኮ ቤት ነበርሽ።»

«ነበርኩ እንጂ።»

«ምን ትዝ ይልሻል? ፊልሙን ሳይሆን፣ ራስሽ ያየሽውን።»

ሄራን የምሯን አሰበች። ዋሾ ልጅ አይደለችም። «ቄጤማው እርጥብ ነበር፤ ካልሲዬ በስብሶ ነበር። ድስቱ አየር ላይ ሲበር። አባዬ ሲሮጥ።»

«ድስቱ ምን ዓይነት ነበር?»

«ቀዩ ነዋ።»

ቀይ ድስት እዚያ ቤት ገብቶ አያውቅም። ሶልያና ይህን አልተናገረችም። ያን ማክሰኞ ክሊኒኩ ኮሪደር ላይ የስድስት ዓመቷ ሄራን ነርሷን ቀሚሷን ይዛ፣ «አባዬ ነው የጎተታት» ማለቷን ግን አስታወሰች። ነርሷ ጎንበስ ስትል ሶልያና በደህና እጇ የልጇን አፍ ሸፈነችው። «ሕፃን ናት፤ የምትለውን አታውቅም» አለች። ሄራን ከዚያ ወዲህ ደግማው አታውቅም። አንድ ምስክር ነበራት፤ ዝም ያሰኘቻትም እሷው ናት።

«እማ።»

«ወይ።»

«ዛሬ 'የእኛ ነው' ትያለሽ አይደል?» ሄራን ቄጤማውን በጣቷ እየፈተለች ነው። «የሊዲያ እናት አይደለም ብላ እኮ ሊዲያ በሁለት ቅዳሜ አንዴ ነው የምታያት። በዓል ላይ ደግሞ ጭራሽ። እኔ እንደዚያ አልችልም። እውነቴን ነው፣ አልችልም።»

ሶልያና የልጇን ፀጉር ከግንባሯ ላይ መለሰችላት።

«እላለሁ» አለች። «ቃሌ ነው፤ የእኛ ነው እላለሁ።»

የምሯን ነበር። ከዐቢይ ጾም መግቢያ ጀምሮ ስታወጣ ስታወርድ ከርማ የደረሰችበት ነው። አራት ዓመት ከልጇ ጋር ከመኖርና ማንም ከማያነበው አንድ ወረቀት የቱ ይበልጣል ብላ ራሷን ጠይቃ ነበር። መልሱ ከባድ አልነበረም።

አንድ ነገር ግን ቀራት። ኢዮስያስ ከታች ወንበር ተሸክሞ ሲገባ ማድ ቤት ድረስ ተከተለችው። ላቡን እየጠረገ የያዘችውን ድስት ሊቀበላት እጁን ዘረጋ።

«ስጪኝ፣ ስጪኝ። አንቺ ቄጤማ ላይ ድስት አትይዥም፤ በሕግ ተከልክለሻል!»

እንዲህ ዓይነት ሰው ሆኗል። ቀልደኛ፣ ቀልጣፋ፣ አዛኝ። ከመስከረም ወዲህ ዓይኑን የሰበረበት ቀን የለም።

«ኢዮስያስ፣ ለፎርሙ ብዬ ነው ያልከኝ ትዝ ይልሃል? ደረጃው ላይ።»

«የትኛው ፎርም?»

«ነሐሴ ላይ የሞላነው።»

«እሱማ ትዝ ይለኛል። ምን ብዬሽ ነበር?»

እጅጌዋን ሰብስባ አንጓዋን አሳየችው። «ይኼን ማን ነው የሰበረው?»

አየው። ዓይኑ እንባ ሞላ፤ የቲያትር እንባ አልነበረም። አንጓዋን እንደ እንቁላል በሁለት እጁ ያዘው።

«እኔ ነኝ ጥፋተኛው» አለ። «ሁልጊዜ አስበዋለሁ እኮ። ሁለት እርምጃ ነበር የቀረኝ። ሁለት እርምጃ ብቻ! ድስቱን ትቼ አንቺን መያዝ ነበረብኝ። ይቅር በዪኝ ሶሊ።»

ውሸታም ቢሆን ይሻላት ነበር። ውሸታም እውነቱን የሆነ ቦታ ደብቆ ነው የሚኖረው፤ አንድ ቀን ቢጨንቀው ሊያወጣው ይችላል። ይሄ ሰው ግን የሚያወጣው ነገር የለውም። እጇን የጠመዘዘው ሰው፣ ማድ ቤት የተንበረከከው፣ ድንጋይ መርጦ ያመጣው ሰው ከሁለቱ ፊልሞች በአንዱ ውስጥ ሳትሰናበተው ሄዷል። ይቅርታ የሚጠይቃት ሌላ ሰው ነው፣ ላልተደረገ ነገር።

«ተወው» አለችው። «ወንበሩን ደርድር፤ ሰው ሊመጣ ነው።»

ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ እትዬ ቤዛና ጋሼ ናሆም ተከታትለው ገቡ። እትዬ ቤዛ ገና ጫማቸውን ሳያወልቁ ጀመሩ።

«ዘንድሮ ቀጭን አድርገው ይሥሩኝ ብዬ ስለቴን አስገብቻለሁ። የገናው ላይ እኮ ያቺ ሴትዮ በር አታልፍም ነበር!»

«እንዳለሽ ነው የሠሩሽ» አሉ ጋሼ ናሆም።

«አንተን ነው እንጂ የሌለ ፀጉር ያበቀሉልህ! እሱን ማን ለምኖልህ ነው?»

ቀጥሎ ታዛቢው አቶ እንድሪስ መጡ፤ ረጅም፣ ዝግ ያሉ፣ የሃምሳ ዓመት ሰው። የክርስቲያን በዓል ላይ ሙስሊም ታዛቢ፣ አረፋ ላይ ክርስቲያን ታዛቢ ይመደባል፤ ማንም በዓሉ እንዳያመልጠው ነው። እንኳን አደረሳችሁ ብለው ጥግ ካለችው ወንበር ተቀመጡ። እትዬ ቤዛ ካልበሉ ብለው ሙግት ገጠሟቸው።

«ደንብ ነው እትዬ። ለስላሳ ብቻ ነው የተፈቀደልኝ።»

«ለስላሳውን የፈቀደ ሰው ዳቦ ምን አደረገው?»

አቶ እንድሪስ ፈገግ አሉ። ሶልያና ለስላሳውን ስትሰጣቸው ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «እንዴት ነዎት?» አሏት። ሦስቱንም በዓል እሳቸው ናቸው የመጡት። በእንቁጣጣሹ ዕለት ስትስቅ ሌላው ሁሉ ግድግዳውን ሲያይ እሳቸው እሷን ያዩ እንደነበር ታስታውሳለች። ያዩትን ግን የሚጽፉበት ቦታ ፎርሙ ላይ የለም።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ግድግዳው ተከፈተ።

ሦስተኛው ፊልም ወደፊት ሄዶ ነበር። ዓመቱ 2098 ነው፤ ኢዮስያስና ሶልያና ፀጉራቸው ሸበት ያለ፣ የሚነጫነጩ የሚያስቁ ባልና ሚስት ሆነዋል። ፋሲካ ነው። ሄራን የሃያ አራት ዓመት ቆንጆ ሆና፣ ረጅም ጠይም ልጅ አስከትላ ለበዓል ቤት ትመጣለች። ሳሎን ውስጥ ያለችው ሄራን ጮኸች፣ ፊቷን በትራስ ሸፈነች፣ በትራሱ ጠርዝ አጮልቃ አየች።

«ይኼ ማነው? እማ፣ ይኼ ልጅ ማነው?»

«ምንም አይልም!» አሉ እትዬ ቤዛ። «ቁመቱን እዩት! ጥርሱን እዩት!»

ከዚያ ማዳለጡ ተጀመረ። ፊልሙ ሙሉ ማዳለጥ ነው። በመጀመሪያ እትዬ ቤዛ ዶሮውን እንደያዙ ተንሸራተቱ፤ በእርግጥም ቀጭን ሆነው ነበር። ቀጥሎ ጋሼ ናሆም ያን ሁሉ ፀጉር ይዘው። ቀጥሎ ኢዮስያስ ሶልያናን ሊይዝ ሲሮጥ ሶልያና ኢዮስያስን ያዘችው፤ ሁለቱም ወደቁ፤ ቄጤማው ላይ ተቀምጠው ተሳሳቁ። ሳሎኑ በሳቅ ታመመ። ጋሼ ናሆም እንኳ ሆዳቸውን ይዘዋል። ሶልያናም ፈገግ ብላ ተቀምጣለች፤ የወሰነ ሰው እንደሚቀመጠው። አንድ ሰዓት ቢበዛ ነው፣ ያልፋል እያለች።

መጨረሻው አካባቢ ሄራንና ጠይሙ ልጅ በአንድ ትንሽ ነገር ይኳረፋሉ። ሄራን ቦርሳዋን ታነሳለች። ወደ በሩ ትሄዳለች። የበሩን እጀታ ትይዛለች።

ሶልያና ፈገግታዋ ፊቷ ላይ ቀረ።

ልጁ ከኋላ፣ «ቆይ!» ይላል። ሄራን ዞር ስትል ቄጤማው ያዳልጣታል። ልጁ ይወረወራል። ኢዮስያስ ያልደረሰበትን እሱ ይደርሳል፤ አንጓዋን ይይዛል። ጠምዘዝ አድርጎ ከእጀታው ወደ ራሱ ይስባታል። ቀጭ የሚል ድምፅ ይሰማል፣ የካርቱን ድምፅ፤ ወፎች ከራሷ በላይ ይዞራሉ። ቀጥሎ ሄራን እጇ በነጭ ፋሻ ታስሮ፣ ፋሻው ላይ ቀይ ልብ ተስሎበት፣ የልጁ ደረት ላይ ተደግፋ ትስቃለች። ሙዚቃ ይገባል።

ባለሙያዎቹ ከሁለቱም ወረቀት ወስደዋል። ከባል ቄጤማውን፣ ከሚስት እጀታውንና ድምፁን። ማንንም አላዳሉም።

ሳሎኑ እያጨበጨበ ነው። ከሁሉም በላይ የምትስቀው ሄራን ናት፤ ሶፋው ላይ ወደ ኋላ ተንጋላ፣ እግሯን እያወራጨች። «እንዴ! እማ! እኔንም እንዳንቺ!» ትላለች። እየሳቀች በግራ እጇ የቀኝ አንጓዋን ይዛለች። መያዟን አላወቀችም።

ግድግዳው ያን ሳቅ ሲወስድ ሶልያና አየች። የሚታይ ነገር የለውም፤ ግን አየችው። ከእሷ አንዲት ለእንግዳ የተሳቀች ሳቅ ሁለት በዓል ሠርተዋል። ከዚህች ልጅ ሳቅ ስንት በዓል እንደሚሠሩ አሰበች።

ፊልሙ አለቀ። አቶ እንድሪስ ተነሥተው ሰሌዳቸውን ከፈቱ። የሳሎኑ ሰው ጉሮሮውን ጠራርጎ ተስተካከለ።

«አቶ ኢዮስያስ፣ ፊልሙ የእናንተ ነው?»

«የእኛ ነው!» አለ ኢዮስያስ። የሄራንን ትከሻ አቅፎ የሶልያናን እጅ ይዞ ነበር። የያዘው በስሱ ነው፣ እንዳያማት።

«ወይዘሮ ሶልያና፣ ፊልሙ የእናንተ ነው?»

ሶልያና የልጇን አንጓ እያየች ነው።

መጀመሪያ ማንም አልደነገጠም። ደስታ ነው ተባለ። እትዬ ቤዛ፣ «በይ እንጂ ልጄ፤ ወጡ ቀዘቀዘ እኮ» አሉ። ከላይ ፎቅ ሰው ይስቃል።

«ወይዘሮ ሶልያና፣ ሁለተኛ እጠይቃለሁ። ፊልሙ የእናንተ ነው?»

«አቶ እንድሪስ፣ እኔ የምለው ነገር የት ነው የሚቀመጠው?»

«መዝገቡ ውስጥ ነው።»

«ሁለቱ ወረቀቶችስ?»

አቶ እንድሪስ ደንቡን በቃላቸው ያውቁታል። «'የእኛ ነው' ካሉ ይወገዳሉ። 'የእኔ አይደለም' ካሉ ባሉበት ይቆያሉ።»

«ማን ሊያያቸው ይችላል?»

«ሁለታችሁ። ልጅ ደግሞ አሥራ ስምንት ዓመት ሲሞላው የወላጆቹን መዝገብ ከፍቶ የማንበብ መብት አለው። ብዙ ሰው አይጠይቅም እንጂ፣ አለው።»

«ሶሊ» አለ ኢዮስያስ። ፊቱ ላይ ቁጣ የለም፤ ግራ መጋባት ብቻ ነው። «ምን ሆንሽ? ፊልሙ ላይ ያስከፋሽ ነገር አለ? እናስቀይረዋለን እኮ።»

ጋሼ ናሆም ዓይናቸውን ቄጤማው ላይ ተክለዋል። ሶልያና አየቻቸው፤ እንዲያዩዋት ጠበቀች። እሳቸውም እንደ ሌላው ረስተው እንደሆነ፣ ወይም አስታውሰው አፍረው እንደሆነ አላወቀችም። ቀና አላሉም።

ሄራን ሳቋ ጨርሶ ከፊቷ ጠፍቷል። «እማ፣ ቃል ገብተሽልኛል» አለች። «ዛሬ፣ እዚህ ቄጤማው ላይ ተቀምጠሽ። ቃሌ ነው ብለሽኛል።»

«ብያለሁ።»

«እና?»

«ቃሌ ውሸት ሆኖብሻል፤ አውቃለሁ። አንድ ቀን ወረቀቱን አንብቢው። ባታምኚኝም አንብቢው፤ ከዚያ አንጓሽን ለያዘሽ ሰው ምን እንደምትይው ራስሽ ታውቂያለሽ።»

«የምን ወረቀት? ምንድነው የምትይው? አባዬ፣ ምንድነው የምትለው?»

ኢዮስያስ ወደ ሶልያና ዞረ። እሱም አያውቅም።

ሶልያና እጇን ከእጁ ውስጥ አወጣች። ከመቀመጫዋ ተነሥታ ወደ ታዛቢው ዞረች። አቶ እንድሪስ ለሦስተኛና ለመጨረሻ ጊዜ መጠየቅ ነበረባቸው፤ ግን ሳይጠይቁ ብዕራቸውን ሰሌዳው ላይ አዘጋጁ።

«ሳያሳምሩ፣ እንዳልኩት ይጻፉልኝ» አለች፤ ሁሉም በሚሰማው ድምፅ። «ፊልሙ የእኔ አይደለም። ልጄን ከአባቷ ጋር ትቻት እወጣለሁ።»